ወደ ኋላ የማይሄደው ሾፌር

መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አያጣም። አንዱ መንጃ ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘ ይደብቃል፤ ሌላው ስንት ጊዜ ከቦይ ውስጥ በሰው ትከሻ እንደወጣ ይደብቃል። እኔ ለሦስት ዓመት ደብቄ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ኋላ መንዳት አልችልም።

ማርሹ የት እንዳለ አውቃለሁ። ገና ሳስገባው ግን ግራና ቀኜ ይጠፋብኛል፤ መስታወቱን ሳይ ዓለም ሁሉ ወደኔ የሚመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስን የማውቃት ወደ ፊት ብቻ ነው። ማቆም የምወደው ቀጥ ብዬ መውጣት የምችልበት ቦታ ሲሆን፣ እሱ ከጠፋ ግማሽ ከተማ ርቄ አቆምና በእግሬ እመለሳለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን አይተው «መምህሩ ለጤናው ይጠነቀቃል» ይላሉ። እኔም አላስተባበልኩም።

እንግዲህ መኪናዬ መጮኽ የጀመረችው ሮብ ገበያ ወደምትባለው የገጠር ከተማ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው። ኮረኮንቹን ጨርሼ ከተማ ልገባ ስል ከጎማው አካባቢ «ክርርርር... ጺይይይ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ቢላ በሞረድ ሲሳል ሰምታችሁ ከሆነ እሱ ነው፤ ቢላውን ግን በጣም ትልቅ አድርጉት። መንገድ ዳር የቆመች አህያ ደንብራ ቦይ ገባች። እኔም የተማረ ሰው እንደመሆኔ ወዲያው እርምጃ ወሰድኩ፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሬዲዮኑ ይበቃኝ ነበር። ችግሩ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው እሑድ አምበር፣ ወደ ፍቅረኛዬ አባት ቤት፣ ሽማግሌ ልልክ ቀን ቆርጬ ነበር። ትርንጎ ትባላለች፤ እዚሁ ከተማ ነርስ ናት። ስንዋደድ ሦስት ዓመታችን ነው፤ ዕድሜዬም ሠላሳ ስምንት ገብቷል፤ እናቴ ስልክ በደወለች ቁጥር ሰላምታ ትታ በቀጥታ «እህስ?» ማለት ጀምራለች። የትርንጎ አባት አቶ ይርሳው ደግሞ ሽማግሌ በመመለስ ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው። ለታላቅ እህቷ የመጡትን አንዱን ወገን «ተቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ» ብለው፣ ሌላውን «በጉዳዩ ላይ ስልክ አነሱ» ብለው ከደጅ መልሰዋል።

«አባዬ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ» አለችኝ ትርንጎ። «በምን እንደሚቀየም አይታወቅም። ምንም ነገር እንዳይጎድል አደራ።»

ምንም የጎደለ አልነበረም። የተረፈ ድምፅ ግን ነበር።

መኪናህ ድምፅ አወጣች ብለህ በደብረ ማርቆስ ለአንድ ሰው ብትናገር ለከተማው ሁሉ ተናገርክ ማለት ነው። ሁሉም ሐኪም ነው። የባጃጁ ሾፌር ኩሽኔታ ነው አለኝ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው ላዩ ላይ የሚሽከረከርበት ብረት ነው፤ እኔም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው አለኝ። የባዮሎጂዋ መምህርት በሀዘኔታ አይታኝ ጸበል ብታስረጫት ምን ይጎዳሃል አለች።

ግን ሁሉም ከመፍረዳቸው በፊት አንድ ጥያቄ አላቸው። «እስኪ እንዴት ነው የሚለው?»

ያኔ ድምፁን ማውጣት አለብኝ። መጀመሪያ ቀን አፍሬ በቀስታ «ክርር» አልኩ። «አልሰማሁም፣ በደንብ በለው» ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን እጄን ጎማ አስመስዬ እያሽከረከርኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ገጥሜ «ክርርርር... ጺይይይ!» ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን የመምህራን ክፍል ውስጥ ይህን እያደረግኩ ዓይኔን ብገልጥ ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆመዋል። በሩን በቀስታ ዘግተው ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር አንዱ «ክርርር» ይላል፤ ከፊት ያለው «ጺይይይ» ብሎ ይቀበለዋል። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የደረስንበት ምዕራፍ ስለ ሰበቃ ነበር፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ስለሚሆነው ነገር።

በመጨረሻ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ሙላት ልጅ እግር ሆኖ የጀመረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አብሮኝ ተቀምጦ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርን። መኪናዬ ጭጭ አለች። ገና እሱ ወርዶ በሩን ሲዘጋ «ጺይይይ!»

«ሰማሁ» አለ ሙላት። «በየት በኩል ነው?»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። የመኪናዬ የግራ መስኮት ተዘግቶ ቀርቷል፣ አይከፈትም። የቀኙ ደግሞ ተከፍቶ ቀርቷል፣ አይዘጋም። ስለዚህ ድምፁ የሚገባልኝ በቀኝ በኩል ነው። እኔ ግን ይህን አላሰብኩም፤ በሙሉ ልብ «ቀኝ ነው» አልኩት።

«ሁለቱንም ልፍታ?»

«አያስፈልግም። ድምፅ ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዝ። እኔ የማስተምረው እኮ ይህንኑ ነው» አልኩና እዚያው አፈሩ ላይ በእንጨት ሥዕል ሣልኩለት፤ ጎማ፣ ሞገድ፣ ጆሮ። ሙላት ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ክሪኩን ይዞ ወደ ቀኝ ጎማ ሄደ። የቀኙ ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ሸራው ተቀየረ፣ ፍሬኑ ተሞከረ። ፍሬኑ እንደ ግድግዳ ያቆማል። ጩኸቱ ግን ልክ እንደነበረ አለ፤ እንዲያውም እረፍት አግኝቶ የተመለሰ ይመስል ጠንክሯል። ይህ ሁሉ የሆነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

«ሰኞ ና፣ ግራውን እንየው» አለኝ ሙላት እጁን እየጠረገ። ከዚያም ሄድ ካለ በኋላ መለስ ብሎ ሥዕሌን በእግሩ አጠፋው።

እሑድ ጠዋት ሌላ መዓት መጣ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የሚያገባው ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን እየበላ ነው የሚጠብቀው። መኪናዋን ሊነዳልኝ የነበረው ጓደኛዬ ግን ሌሊቱን ሆዱን አሞት ሲመላለስ አድሮ ቀና ማለት አልቻለም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ደጄ ቆመዋል።

አንደኛው ጋሼ ልየው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ የቡድኑ መሪ፣ መኪና ኖሯቸው የማያውቅ የመኪና ሊቅ። ሁለተኛው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ጠንቃቃ ሰው። ሦስተኛው የኔታ ጥበቡ፣ የዜማ መምህር፤ ከተጠየቁ ብቻ ነው የሚናገሩት፣ ሲጠየቁም ሁልጊዜ አይደለም።

«አንተው ትነዳለህ» አሉ ጋሼ ልየው።

«እንዴት ጋሼ? እኔ መገኘት የለብኝማ!»

«አንተ አትገኝም። የሚገኘው ሾፌር ነው። አቶ ይርሳው አይተውህ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«በቃ። ኮፍያ አድርግ። ከመንደሩ ወዲህ ማዶ ታወርደናለህ፤ እኛ በእግራችን እንገባለን፤ አንተ መኪናህ ውስጥ ተኛ።»

ኮፍያ አደረግኩ፤ ጥቁር መነጽርም ጨመርኩ። ተነሣን። ገና ከሰፈር ስንወጣ ቀኝ ስንታጠፍ «ክርርርር... ጺይይይ!»

«ፍሬን ይይዛል?» አሉ ሐጂ ኑሩ ከኋላ።

«ይይዛል ሐጂ፣ ትናንት ተፈትሿል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ከሁለት ደቂቃ በኋላ «ይይዛል ግን?»

የኔታ ከሐጂ ጎን ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገዋል። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር። አስፋልቱ ላይ ብዙ ከሄድን በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው ድንገት «ልጄ፣ ግራው ነው» አሉ።

«ቀኝ ነው የኔታ፣ እኔ እንኳ...»

«ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ይጮኻል፤ ወደ ግራ ስትታጠፍ ይለዝባል። ፍሬን ስትረግጥ አይለወጥም። ፍጥነት ስትጨምር እሱም ይቸኩላል። ከፊት ነው፣ ግራ ነው። አርባ ተማሪ በአንድ ላይ ሲያዜም የሳተውን አንዱን ለይቼ ነው የኖርኩት፤ አራት እግር ምን ያቅተኛል?»

የዲግሪ ባለቤቱ እኔ ነኝ። እኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ሁሉ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጠይቀው መልሰውታል። በጣም አፈርኩ፤ መነጽሩ ጠቀመኝ።

«የእኔ የጭነት መኪና ሾፌር» አሉ ሐጂ ኑሩ ወደ ፊት ጠጋ ብለው፣ «እንዲህ ሲጮኽበት ጠጠር ገብቶ ነው ይልና ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይወጣለታል። እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ በላት።»

ደግነቱ ጋሼ ልየው ቀደሙኝ። «ወደ ኋላ? ለጋብቻ ወጥተን? ሐጂ፣ ምን ነካዎት! ለጋብቻ የወጣ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አይልም፤ ገደ ቢስ ነው!»

«በፍጹም አይልም!» አልኩ እኔም መሪውን እየደበደብኩ። «ባህላችንን መጠበቅ አለብን! ዛሬ ወጣቱ ይህን ሁሉ እየረሳ ነው!» በሕይወቴ ለባህል እንደዚያች ደቂቃ ተቆርቁሬ አላውቅም። ጋሼ ልየው በአድናቆት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

አምበር ደርሰን ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ መንደሩ የሚወስደውን የአፈር መንገድ ያዝን። እዚህ ላይ ነው እነሱን የማወርድበት ቦታ መፈለግ የነበረብኝ። ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ በሁለት በኩል አጥር። ካቆምኩ በኋላ ለመውጣት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ መዞሪያ ሰፊ ቦታ እስካገኝ ትንሽ ልቀጥል አልኩ።

«እዚህ አቁም» አሉ ጋሼ ልየው።

«ትንሽ ፈቀቅ ልበል ጋሼ።»

«አቁም እኮ ነው የምልህ!»

«አሁን፣ አሁን ይሰፋል።»

አልሰፋም። መኪናዋ ያለ የሌለ ድምፅዋን እያወጣች ነው። ከቅዳሴ የተመለሰው ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ፤ ውሾች ተከተሉን፤ አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ ወደ ቤት ሮጠች። መንገዱ ታጠፈ፣ ጠበበ፣ ከዚያ አለቀ። ያለቀው የአቶ ይርሳው የግቢ በር ውስጥ ነው። የመኪናዋ አፍንጫ ግቢው ውስጥ ገብቶ ወገቧ በሩ ላይ ተሰንቅሮ ቆመ።

አቶ ይርሳው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን በደንብ የተከናነቡ ሰው ናቸው። በእጃቸው ዱላ ይዘው ግቢው መሀል ቆመዋል። ከኋላቸው አምስት ከብቶች ተሰልፈዋል። ሽማግሌዎቹ በተከፈተችው ጠባብ ክፍተት በጎን በጎን እየተሳቡ ወጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ጋሼ ልየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንደምን ዋላችሁ! ቆመን የምንናገረው ጉዳይ ይዘን...»

«ደህና ዋላችሁ» አሉ አቶ ይርሳው። «ጉዳያችሁ ይቆይ። ከብቶቼ ውኃ የሚወርዱት በዚህ በር ነው። ሾፌር! መኪናዋን ወደ ኋላ በላት።»

በሕይወቴ ብዙ ፈተና ፈትኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈተና ግን አላወጣሁም። ጋሼ ልየው ደነገጡ። «ጌታዬ፣ ለጋብቻ ጉዳይ መጥተን ወደ ኋላ...»

«ከብቶቼ ለጋብቻ አልመጡም። ውኃ ነው የጠማቸው።»

ጭራ እያወዛወዘ አንዱ በሬ ወደ ራዲያተሩ ቀርቦ አሸተተው። ከጓሮው ቤት በር ላይ ለዚሁ ቀን ከከተማ የመጣችውን ትርንጎን አየኋት። ኮፍያውንም መነጽሩንም አልፋ አወቀችኝ። ወደ ኋላ እንደማልችል በዓለም ላይ የምታውቀው ብቸኛ ሰው እሷ ናት። ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትጎስር አየሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። እሷም እንደኔ ፈራች።

ማርሹን አስገባሁ። አቶ ይርሳው በግራ በኩል መጥተው በዱላቸው ይመሩኝ ጀመር።

«ግራ! ግራ በላት! ኧረ ይኼ ቀኝ ነው!»

መኪናዋ «ጺይይይ» ብላ የበሩን አንድ ምሰሶ ይዛ ነቀለች።

«አሁን ቀኝ! ቀኝ ነው ያልኩህ ሰውዬ፣ በየትኛው እጅህ ነው እንጀራ የምትበላው?»

ትዝ እንዲለኝ ቀኝ እጄን ከመሪው አንሥቼ አየሁት። ያኔ መኪናዋ በራሷ ጊዜ ተጠማዘዘች፤ ከበሩ ወጣች፤ መንገዱን ተሻግራ የጎረቤት ጭድ ክምር ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ቆመች። በዚያው ቅጽበት ከግራው ጎማ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጭድ እየዘነበብኝ ጥቂት ወደ ፊት አልኩ። ከዚያ ምንም የለም።

የኔታ ጥበቡ እጃቸውን አነሡ። «ሰማችሁ?»

«ምን?» አሉ ሐጂ ኑሩ።

«ዝም አለ።»

እውነት ነው። መንደሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል፤ ውሾቹ እንኳ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። አቶ ይርሳው ጎንበስ ብለው ከጎማው ሥር አንድ ጠጠር አነሡ። ከሽምብራ ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ወገኑ ተፍቆ ያበራል። ከሮብ ገበያ ኮረኮንች ጀምሮ ከጎማው ብረትና ከመሸፈኛው ቆርቆሮ መሀል ተሰክቶ ሁለት ሳምንት አብሮኝ ኖሯል። አንድ ቀን፣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ብሄድ ኖሮ ይወድቅ ነበር።

«ይኼ ነው አገሩን ያስጮኸው?» አሉ አቶ ይርሳው ጠጠሩን እያገላበጡ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ኮፍያዬን፣ መነጽሬን፣ ጆሮዬ ላይ የተሰካውን ጭድ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ይኼ እውነት ሾፌር ነው?»

ጋሼ ልየው «ማለት...» አሉ፤ መሬቱን አዩ። ሐጂ ኑሩ ሰማዩን አዩ። የኔታ ግን በተለመደ ድምፃቸው «አይደለም» አሉ፤ ተጠይቀው ነዋ።

«ባለጉዳዩ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው።»

አለቀ አልኩ። ሦስት ዓመት፣ እናቴ፣ ትርንጎ፣ ሁሉም በአንድ ጠጠር አለቀ። ከመኪናው ወርጄ ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ በጭዱ አቧራ አሳበብኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ» አልኳቸው። «ማታለሌ አይደለም፤ የሚነዳው ሰው ታሞብኝ ነው። ወደ ኋላም መንዳት አልችልም። ችዬም አላውቅም።»

አቶ ይርሳው የተነቀለውን ምሰሶ አዩ፣ የጭዱን ክምር አዩ። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ጭራሽ አትችልም?»

«ጭራሽ አልችልም።»

«እሱስ ደግ ነው» አሉ ጠጠሩን እጄ ላይ እያስቀመጡ። «እንግዲያው ልጄን ከወሰድክ በኋላ መልሰህ አታመጣብኝም ማለት ነው።»

ከጓሮው በር አንዲት አጭር እልልታ ወጥታ ወዲያው ታፈነች። አቶ ይርሳው እንዳልሰሙ ሆነው ከብቶቹን በሩ ላይ አሳለፉና ሽማግሌዎቹን «እስኪ ግቡ፣ ጉዳያችሁን እንስማ» አሉ። ልከተል እግሬን ሳነሣ ዱላቸው ደረቴ ላይ ዐረፈ። «አንተ ወዴት? ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ደንብ አታውቅም? ምሰሶውን እያቆምክ ጠብቅ።»

ምሰሶውን ሳቆም ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ከውስጥ የጋሼ ልየው ንግግር፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ትርንጎ በአጥሩ ክፍተት ቆሎ አቀበለችኝና ዙሪያዋን አይታ ጠጋ አለች።

«ቅድም ከሩቅ ስሰማው ምን አውሬ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስትለው ለእኔ ግን አላልክልኝም። እስኪ እንዴት ነበር የሚለው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር አልኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን አሽከረከርኩ፣ ጥርሴን ገጠምኩ፤ ሁለት ሳምንት የታፈነ ደስታዬን ሁሉ ጨምሬ «ክርርርር... ጺይይይይ!» አልኩት።

ቤት ውስጥ ሳቁ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የአቶ ይርሳው ድምፅ በመስኮት ወጣ።

«ሰውየው ውስጥም ጠጠር ገብቶበታል እንዴ? እስኪ ወደ ኋላ ይሂድ!»